የመንገድ ገጠመኝ እንዴት ነው ምትሰሩት? ከደጋ ወደ ቆላ ሚወርድ ጉዞ እያዘጋጀሁ ነው

ሰላም ለሁላችሁም። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰአት አምስት ሆነን ጠረጴዛ ከበን ምንጫወተው የምናብ ጌም አለን፣ እኔ ነኝ አጫዋቹ፣ አራቱ ካራክተር ይዘው ይጫወታሉ። ሁለት አመት ሊሞላን ነው። ከተማ ውስጥ ያለው ጨዋታ ደህና ይሄድልኛል፣ ዋሻና ፍርስራሽ ውስጥ ያለውም እንደዛው፣ መንገድ ሲጀመር ግን ጨዋታው ቅዝቅዝ ይልብኛል።

ባለፉት ሶስት ጉዞዎች ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ዳይስ ጣልኩ፣ ተኩላ መጣ፣ ተዋጉ፣ ቆሰሉ፣ አደሩ፣ ዳኑ። በማግስቱ ዳይስ ጣልኩ፣ ሽፍታ መጣ፣ ተዋጉ፣ አደሩ፣ ዳኑ። በሶስተኛው ቀን እንደገና ተኩላ። ባለፈው ቅዳሜ ከመሃላችን አንዷ፣ ነርስ ናት፣ ከአዳር ስራ ወጥታ በቅጡ ሳትተኛ ነው ምትመጣው፣ ገና ዳይሱን ሳነሳ በቃ ደርሳችኋል በለንና እንግባ አለችኝ። አልተቀየምኳትም፣ እውነቷን ነው። ቤቴ ገብቼ ግን ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ።

ምክንያቱም እኔ መንገድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ መንዝ አያቴ ጋ ነበር ምላከው፣ ገበያ ቀን ከእሷ ጋር ሌሊት አስር ሰአት ተነስተን በእግር እንሄዳለን፣ ረፋድ ላይ እንደርሳለን። አንድም ቀን አንድም ነገር አልነካንም። ግን መንገዱ እስካሁን ከአይኔ አይጠፋም። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ ከወዲያ ማዶ የእግር ኮቴ ይሰማል፣ መልክ አይታይም፣ አያቴ ቆም ትልና ከሩቅ እንደምን አደራችሁ ትላለች፣ መልሱ እስኪመጣ ድረስ አንድ ትንሽ ዝምታ አለች። እኔ እጇን ጥብቅ አድርጌ ምይዘው ያኔ ነው። መልሱ ሲመጣ ከድምፁ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደተነሳ፣ ከብት እየነዳ ይሁን ባዶ እጁን ይሁን ትነግረኛለች።

እኔ ጨዋታዬ ውስጥ ማስገባት ምፈልገው ያቺን ዝምታ ነው። ስለዚ አቋሜን ቀድሜ ልናገር፣ ገጠመኝ ማለት ውጊያ ማለት አይደለም፣ መንገደኛውን ቆም አድርጎ ወደ ግራ ልሂድ ወይስ ወደ ቀኝ፣ ልናገር ወይስ ዝም ልበል ሚያሰኘው ነገር ነው። አሁን ማዘጋጀው ጉዞ ከብርዳም አምባ ላይ ካለች ከተማ ተነስቶ ገደሉን ወርዶ ቆላ ያለ የአሞሌ ገበያ ሚደርስ የአምስት ቀን መንገድ ነው፣ ያው አገሩን ከኛው አገር ነው የቀዳሁት። በቀን ስንት ጊዜ ዳይስ ልጣል? ለየዳይሱ ቁጥር አንድ አንድ ገጠመኝ የተጻፈበት ሰንጠረዥ ይሻላል ወይስ ቀድሞ አስቦ መጨረስ? ውጊያ ያልሆነ ገጠመኝስ ተጫዋቹን እንዴት ይይዘዋል?

(በኋላ የጨመርኩት፦ መልሱ በጣም ስለበዛ፣ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲቀለው ሁሉንም በራሴ ቃል በተራቸው እዚሁ ስር አስፍሬያቸዋለሁ።)

መልስ 1
የመጀመሪያው መላሽ አዲስ አበባ ሚኖር፣ ከኛ ሁሉ ቀድሞ የጀመረ ሰው ነው፣ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ በትህትና ነው የገባበት። መጀመሪያ ቁጥሩን ያዝ ነው ምክሩ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በሚባለው የምናብ ጌም አምስተኛው እትም፣ በፈረንጆቹ 2014 የወጣው ማለት ነው፣ መደበኛ ጉዞ በቀን 24 ማይል፣ ወደ 39 ኪሎ ሜትር ነው፣ እየተጠነቀቁ ለሚሄዱ 18፣ ለሚፈጥኑ 30። ይሄ ሁሉ በቀን 8 ሰአት ተኪዶ ነው፣ ከዛ በላይ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ ሰአት ካራክተሩ ዳይስ ጥሎ ጥንካሬው ይፈተናል፣ ከወደቀ ድካም ይይዘዋል። ካርታውን ባለ ስድስት ጎን እያደረግክ ከፋፍለው፣ አንዱ ክፍል ከዳር እዳር 6 ማይል ይሁን አለ። ታሪክም ጨመረልን፣ በፈረንጆቹ 1974 የወጣው የመጀመሪያው እትም ለበረሃና ለጫካ ጉዞ የራሱ ሰሌዳ ስላልነበረው ተጫዋቾቹን የሌላ ድርጅት የጉዞ ጌም ሰሌዳ አውጥታችሁ በሱ ተጫወቱ ይላቸው ነበር። ይሄን አላውቅም ነበር፣ ደስ ብሎኛል። መጨረሻ ላይ በቀን ሶስቴ፣ ጠዋት ከሰአትና ሌሊት፣ ባለ ስድስቱን ዳይስ ጣል፣ አንድ ከወጣ ገጠመኝ አለ፣ ሶስቴ ስትጥል ግማሽ በግማሽ ይሆናል ብሎ ዘጋ።

መልስ 2
ሒሳብ አስተማሪ ነኝ ያለ ሰው ግማሽ በግማሽ ሚለውን ቀስ አድርጎ አረመ። አንዴ ሲጣል አንድ ያለመውጣቱ እድል ከስድስት አምስት ነው፣ ሶስቴ ሲጣል 5 ለ 6 ሶስት ጊዜ በራሱ ይባዛል፣ 125 ለ 216 ይመጣል፣ ስለዚ ቢያንስ አንዴ ገጠመኝ ሚኖርበት ቀን 42 በመቶ ገደማ ነው። በቀን አንዴ ብቻ ከተጣለ ደግሞ አምስቱም ቀን ባዶ ሆኖ ሚያልፍበት እድል 40 በመቶ አካባቢ አለ። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር። አምስት ቀን ሙሉ ምንም ሳይገጥማቸው ቢደርሱ ማዘጋጀቴ ምን ዋጋ አለው?

መልስ 3
የመሃል ሜዳ ልጅ ነው፣ መንዝ ካለው የጓሳ ሜዳ ስር ነው ያደገው፣ ተኩላዬን አይቶ ዝም ማለት አልቻለም። ጓሳ ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ነው፣ አዋቂዎቹ በመላው አለም ተቆጥረው 500 አይሞሉም፣ ሰው ላይ አይደርስም፣ አይጥ ነው ሚበላው፣ ለአደን ሚወጣውም ብቻውን ነው። ከዛ ያየውን ነገረን። ቀበሮው ጭላዳ መንጋ መሃል ገብቶ ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ ይሄዳል፣ ግልገሎቹ አጠገቡ እየጋጡ ዞር ብሎ አያያቸውም፣ እነሱም አይሸሹትም። ጓሳ ላይ ሲያጠኑ የከረሙ ሰዎች ቆጥረው ቀበሮው መንጋው መሃል ሲያድን ከመቶው ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ ብለዋል። ልጁ ከዚህ የመዘዘው ገጠመኝ በጣም ነው የገረመኝ። ጭላዳ ሲመሽ ገደል ላይ ነው ሚያድረው፣ ቀን ሜዳው ላይ ይውላል። እንግዲህ ቡድኑ በእኩለ ቀን ሲሄድ መንጋው በሙሉ ግር ብሎ ወደ ገደሉ አፋፍ ይሮጣል። በቃ፣ ከዚህ በላይ አትንገራቸው አለ። ምን አይቶ ነው የሮጠው? ወደ ሮጠበት ትሄዳለህ ወይስ ወደ ሸሸበት?

መልስ 4
አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ መስመር። ምናብ ነው አይደል፣ ተኩላው ይናከስ ብሎ ወጣ።

መልስ 5
ከዚህ ሁሉ መልስ በጣም የተጠቀምኩበት ይሄ ነው፣ የጻፈችው አንኮበር ያደገች ልጅ ናት። መጀመሪያ ኪሎ ሜትር ሚባለውን ነገር ተወው ነው ያለችኝ። ከአንኮበር አልዩ አምባ ካርታ ላይ ስታየው ቅርብ ነው፣ ስትወርደው ጉልበትህ ይንቀጠቀጣል፣ ስትወጣው ደግሞ ሌላ መንገድ ነው ሚመስልህ፣ አህያ ጭነህ ከሆነ ሌላ ሶስተኛ መንገድ ይሆናል። 39 ኪሎ ሜትሩ ለሜዳ ነው፣ እኛ ጋ መንገድ ሚቆጠረው በሰአት ነው።

ቀጥላ አንድ ሰንጠረዥ መስራትህን አቁም፣ አራት ስራ አለች፦ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው ውርጩ ነው፣ ከ1,500 በታች ያለው ቆላው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ቁጭ ብለህ በጣርማ በር በኩል ብትወርድ 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ሸዋ ሮቢት ትገባለህ፣ ጠዋት ጋቢ ደርበህ ወጥተህ ቀትር ላይ ሸሚዝህን ትፈታለህ። ይሄ ራሱ ጉዞ ነው፣ ምን ተኩላ ያስፈልገዋል አለች። አምባው ላይ ተጫዋቾችህ እንጨት ለቅመን እሳት እናነዳለን ሲሉህ እንጨት የለም በላቸው፣ ሜዳ ነው፣ ሚነደው ኩበት ነው፣ ኩበት ደግሞ ባለቤት አለው፣ የሆነች ሴት ጠፍጥፋ ያደረቀችው ነው። ሰርቀው ያነዳሉ ወይስ ቤቷን ፈልገው ይለምናሉ? ገደሉ ላይ ሲደርሱ እንደ ወፍ ዋሻ ያለ ጫካ አለ፣ ጥድና ኮሶ፣ ጉሬዛው ከላይ ይጮሃል፣ እንጨት ሞልቷል፣ ግን ትልቁ ዛፍ አድባር ቢሆንስ? ስሩ ቅቤ ተቀብቶ ቢያዩትስ? ታች ወርደው ቆላ ሲገቡ ደግሞ ውሃው ይጀምራል፣ በጨዋታው ህግ አንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን፣ አራት ሊትር ሊሆን ትንሽ ሚጎድለው፣ በሙቀት እጥፉን ይፈልጋል፣ ላይ ሳሉ ውሃ የቆጠረ የለም፣ እዛ ሲደርሱ ነው አህያዋ ስንት እንደያዘች ሚጠያየቁት።

አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት። በእግሬ የማውቀውን አገር እኔ ለምን እንደዚ አላየሁትም ብዬ ተቆጨሁ።

መልስ 6
እኔው ነኝ። አመሰገንኩና አራቱ ሰንጠረዥ ውስጥ ስንት ስንት ነገር ላስገባ፣ ያለን ዳይስ ደግሞ ባለ ስድስቱ የሉዶ ዳይስ ብቻ ነው፣ ባለ ሃያውን በስልክ ነው ምንጥለው ብዬ ጠየቅኩ።

መልስ 7
ሒሳብ አስተማሪው ተመለሰ። ሁለት የሉዶ ዳይስ አንድ ላይ ጣልና ደምር፣ ከ2 እስከ 12 አስራ አንድ ቁጥር ይመጣል፣ ግን እኩል አይመጡም። 7 ከ36ቱ አጣጣል በስድስቱ ይመጣል፣ 6 እና 8 በአምስት በአምስቱ፣ 2 እና 12 ግን እያንዳንዳቸው በአንዱ ብቻ። ስለዚ መሃል ላይ የየቀኑን ነገር አስቀምጥ፣ ጉም፣ እረኛ፣ ገበያተኛ፣ ጫፎቹ ላይ ያንን ሰው እድሜ ልኩን ሚያወራውን ነገር። እኔ 12 ላይ ምን እንዳስቀመጥኩ አሁን አልናገርም፣ ተጫዋቾቼ ያነባሉ።

መልስ 8
እዚህ ላይ ነገሩ መረር ማለት ጀመረ። የአዲስ አበባው ሰውዬ ተመልሶ፣ አራት ሰንጠረዥ፣ ኩበት፣ የአህያ ጭነት፣ ይሄ የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም አለ። ሰው ቅዳሜ ከሰአቱን ይዞ ሚመጣው ሰይፍ ሊመዝ ነው፣ ነርሷም በቃ ደርሰናል በለን ያለችው መንገዱ ስለሰለቻት ነው፣ አንተ ደግሞ መንገዱን ልታስረዝምባት ነው ብሎ ገሰጸኝ። የመጀመሪያ መልሱ ላይ የነበረው ትህትና አልነበረም።

መልስ 9
የአንኮበሯ ልጅ አልለቀቀችውም። የሰለቻት መንገዱ አይደለም፣ መንገድ መስሎ የቀረበው ውጊያ ነው ብላ መለሰችለት። ካርታ በስድስት ጎን ከፋፍል ብሎ የመከረው እሱ፣ ክፍሉ ውስጥ ምን እንዳለ ሲነገረው ጂኦግራፊ ነው ማለቱ አልገባትም። እውነት ለመናገር እኔም ከእሷ ጋር ነኝ፣ ሰውዬው የነገረኝን ቁጥርና ታሪክ ግን አመሰግናለሁ፣ ያለሱ መጀመር አልችልም ነበር።

መልስ 10
ከዛ ያልጠበቅነው ሰው መጣ። ልጃቸው ይሄን ጌም ሚጫወት፣ በእድሜ የገፉ አባት ናቸው፣ የልጃቸው ስልክ ላይ አይተው ነው የጻፉት። ጨዋታውን እንደማያውቁት ይቅርታ ጠይቀው፣ መንገዱን ግን እንደሚያውቁት ነገሩን። ወጣት ሆነው ከመርሐ ቤቴ ወዲህ ሲሻገሩ ጀማ ሞልቶ ወንዙ ዳር ሁለት ቀን ተቀምጠዋል። ወዲህ ማዶ ስምንት ሰው ነበር፣ ወዲያ ማዶም ሰው ነበር፣ ማዶ ለማዶ እየተጠራሩ ወሬ ይለዋወጣሉ፣ ወዲያ ካለው አንዱ ልቅሶ ሊደርስ ነው ሚቸኩለው፣ ወዲህ ካለው አንዱ ዋና ይችላል ግን ብር ይጠይቃል። ስንቅ ያለው ከሌለው ጋር ተካፍሎ በላ፣ በሁለተኛው ቀን የማይተዋወቁት ሰዎች ዘመድ ሆኑ። ወንዙ ሲጎድል ሁሉም ተሻግሮ በየፊናው ሄደ።

ከዛ አንድ ነገር ጨመሩ። በነሱ ጊዜ መንገደኛ ቀኑን ሙሉ ሚያስበው ምን ያገኘኝ ይሆን ብሎ ሳይሆን የት አድር ይሆን ብሎ ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጭስ ሚታይበትን ቤት ትመርጣለህ፣ ደጁ ላይ ቆመህ የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ ትላለህ፣ ከገባህ እግርህን ያጥቡሃል፣ ውሻው ይታሰርልሃል፣ የቤቱ እመቤት ያለውን ታቀርብልሃለች። የበላህበትን ቤት ነገር ደግሞ ይዘህ አትወጣም። አጋጣሚ ሆኖ ጎረቤቱ ደመኛው ቢሆን፣ አንተ ጠዋት የጎረቤቱ ደጅ ማለፍ ካለብህ፣ የት እንዳደርክ ሲጠይቅህ ምን ትለዋለህ?

ሁላችንም ጋሼ እግዜር ይስጥልን ብለን ጻፍን። የሌሊቱን ዳይስ እዛው ቀየርኩት። ሌሊት ምን መጣባችሁ ሚለው ቀረ፣ ማን ቤት አደራችሁ ሆነ።

መልስ 11
አንድ ዝምተኛ ልጅ የጋሼን ታሪክ ከጨዋታው ህግ ጋር አገናኘው። በድሮው እትም ካራክተሮቹ የሆነ ፍጡር ሲያገኙ አጫዋቹ ወዲያው ውጊያ አይጀምርም ነበር፣ ሁለት ዳይስ ጥሎ ሁኔታውን ያያል፣ ዝቅተኛ ከሆነ በጠላትነት ይነሳል፣ መሃል ከሆነ ያመነታል፣ ከፍ ካለ በወዳጅነት ይቀርባል። አሁን ብዙ ሰው ትቶታል። ልጁ ያለኝ ነገር እንደሚከተለው ነው፣ አያትህ እንደምን አደራችሁ ብላ መልስ እስኪመጣ ያለው ዝምታ እኮ ይሄ አጣጣል ነው። ዳይሱን አንተ አትጣለው፣ ሰላምታ የሰጠው ተጫዋች ይጣለው፣ ሰላምታው ጥሩ ከሆነ አንድ ጨምርለት።

ይሄን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ።

መልስ 12፣ 13 እና 14
ሶስቱን አንድ ላይ ላሳልፋቸው፣ ከመስመር ወጥተዋል። አንዱ ለስንቅ ከበሶ ሚያክል የለም አለ፣ ሌላው በሶ በማር ነው ሚበጠበጠው አለ፣ ሶስተኛው በማር ሚበጠብጥ መንገደኛ አይደለም፣ ውሃና ጨው ይበቃዋል ብሎ ተቆጣ። መሃሉ ላይ ደብረ ብርሃን ትበርዳለች ወይስ መሃል ሜዳ ሚል ነገር ተነሳና የመሃል ሜዳው ልጅ ተመልሶ መጣ። ለኔ ሚጠቅመኝ አንድ ነገር አገኘሁ፣ ስንቁን ዝም ብዬ ራሽን ብዬ ከምጽፍ በሶና ቆሎ ብዬ ብጽፍ ተጫዋቹ ሲካፈል ይሰማዋል።

መልስ 15
አንዲት ልጅ በጣም በጥቂት ቃል ጻፈች። ገጠመኙ ውስጥ ሽፍታ አታስገቡ ነው ያለችው። ባለፉት አመታት የቅርብ ሰው መንገድ ላይ ከመኪና አውርደው ወስደውባታል፣ እስኪመለስ ቤቱ ምን እንደነበር እሷ ናት ምታውቀው፣ አሁን ጠረጴዛ ላይ ከጫካ ሰዎች ወጡ ሚል ድምፅ ስትሰማ እጇ ይቀዘቅዛል፣ ጨዋታውን ያቆመችውም ለዛ ነው።

መልስ 16
አንድ ሰው ጨዋታን ከኑሮ ጋር አትቀላቅሉ፣ እንዲህ ከሆነ ምንም መጫወት አይቻልም ብሎ በቁጣ መለሰላት። ብዙ ሰው ተነሳበት፣ ስድብም ነበረበት፣ ስድቡን እዚህ አልደግመውም። በኋላ ራሱ አጥፍቶታል።

መልስ 17
እኔ ነኝ። ለልጅቷ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የጻፍኩት ላይ ሽፍታ መጣ፣ ተዋጉ ብዬ እንደ ቀልድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ቁጭ ብሎ ምን ይግባ ምን አይግባ ብሎ መነጋገር ሚባል ልማድ አለ፣ እኛ ግን ሁለት አመት ስንጫወት አንዴም አላደረግነውም። ያን ቀን ማታ ለአራቱም ጻፍኩላቸው። ከአራቱ ሁለቱ ሽፍታ ባይኖር ደስ ይለናል አሉ። ሁለት አመት ሙሉ አብሬያቸው ተቀምጬ ሳልጠይቃቸው።

መልስ 18
ታሪክ ሚያጠና ልጅ ሽፍታውን ሚተካ ነገር ይዞ መጣ። ሰው መንገድ ላይ ሚያስቆመው ወንበዴ ብቻ አልነበረም አለ። ኬላ አለ፣ ነጋዴው ሚቀረጥበት፣ ዕቃህ ተፈቶ ሚቆጠርበት፣ የአሞሌው ጫፍ ተሸርፎ እንደሆነ ሚታይበት። አውጫጭኝ አለ፣ ሰፈሩ ላይ ወንጀል ተፈጽሞ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም አይሄድም፣ ቡድኑ ሊያልፍ ሲል እናንተም ማታ እዚህ ነበራችሁ ተብሎ ይያዛል። ሌባ ሻይ አለ፣ መድሃኒት የጠጣ ልጅ ወገቡ ላይ በታሰረ መቀነት ተይዞ ይሮጣል፣ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባው እሱ ነው ይባላል። ልጁ እየሮጠ መጥቶ ከተጫዋቾቹ አንዱ ጋ ቢወድቅስ?

መልስ 19
አንድ ሰው አውጫጭኝና ሌባ ሻይ አንድ ነው አለና የታሪክ ተማሪው ትንሽ ሸንቆጥ አደረገው። አንደኛው ሰውን ሰብስቦ በመጠየቅ ነው፣ ሁለተኛው በመድሃኒቱና በልጁ ነው፣ ሁለቱን አንድ ማድረግ ዳኛን ከጠንቋይ ጋር አንድ ማድረግ ነው ብሎ። ሰውዬው አመሰግናለሁ ብሎ ተቀበለ።

መልስ 20
የመሃል ሜዳው ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ። ከበሶው ክርክር ወጥቶ ቄሮ ሚባለውን የጓሳ ስርአት ነገረን። መንዝ ላይ ከቀደምት አባቶቹ ከአስቦና ከጌራ ጀምሮ ነው ይባላል፣ የጓሳውን ሜዳ ሚካፈሉት በትውልድ ነው፣ ሳሩ ለአመታት ይዘጋል፣ አጫጅም ከብትም አይገባም፣ ጠባቂ አለው፣ ቀኑ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ወጥቶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ ስርአቱ ፈረሰ፣ በኋላ ህዝቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን መልሶ አቆመው። የሱ ገጠመኝ፣ ቡድኑ ከላይ ዝናብና ብርድ እየወረደበት ነው፣ ካራክተሮቹ እስከ ወገብ ሚደርስ ሳር ያያሉ፣ አጭደው መጠለያ ቢሰሩ ያድራሉ፣ አንድም ቦታ ግን የተጋጠ ወይ የታጨደ ነገር የለም። ለምን እንደሆነ ሚጠይቅ ይኖራል? ካጨዱስ ጠዋት ምን ይጠብቃቸዋል?

የአዲስ አበባው ሰውዬ እዚህ ስር ይቺን እኔም እወስዳታለሁ ብሎ ጻፈ። ሌላ አልጨመረም። የአንኮበሯ ልጅ ወደደችለት።

መልስ 21
እኔ ነኝ፣ ትናንት ቅዳሜ ነበር። ሰንጠረዡን አራት አድርጌ፣ ቁጥሩን በሁለት የሉዶ ዳይስ፣ በቀን ሶስቴ ጥዬ ሄድኩ፣ የሌሊቱን ለጋሼ ሰጥቼ። የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው የጨረስነው፣ ሶስት ሰአት ተኩል ፈጀብን።

የተዘጋው ሳር ላይ ወጣላቸው። አንዱ ማጭዱን አወጣ፣ አንዱ ያዘው፣ ግማሽ ሰአት ተከራከሩ፣ በመጨረሻ ሳይነኩት እየበረዳቸው ሄዱ፣ ሲመሽ ጭስ አዩ። ደጁ ላይ የቆመው ካራክተር ሚለውን ነገር አጥቶ ዝም አለና ሁሉም ሳቀበት፣ ገቡ፣ እግራቸው ታጠበ። ጠዋት ከቤቱ ሲወጡ ዳይሱን ጣልኩ፣ ሰባት። ጉም ነበር።

ምንም አታዩም አልኳቸው። ፊት ለፊታችሁ መንገዱ ላይ ኮቴ ይሰማል፣ ብዙ ነው፣ ሰው ይሁን ከብት አይለይም፣ እየቀረበ ነው። ስልክ የያዘ አልነበረም። ነርሷ ሁለቱን ዳይስ ከፊቴ አነሳችና በእጇ ጨብጣ ያዘቻቸው፣ ከዛ ድምጿን ከፍ አድርጋ እንደምን አደራችሁ አለች። ወዲያው አልጣለችውም።